ከፋሲካ በኋላ ወደ ሐይቆቹ፦ የአንዲት የቁምስና ጸሐፊ የጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ፤ ከቃሊቲ ወደ ቢሾፍቱ

ቤተ ክርስቲያን የሚሠራ ሰው በዕጣንና በዝምታ መሃል የሚውል የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አንድ ቀን እኛ ቢሮ መጥታችሁ ስልክ አንሱልኝ። "ቅዳሴ ስንት ሰዓት ነው?" "የክርስትና ወረቀቴ ጠፍቶብኝ ነው፣ ለኤምባሲ ዛሬውኑ እፈልገዋለሁ።" "አዳራሹን ለሠርግ በስንት ታከራያላችሁ?" እኔ አዲስ አበባ ባለች አንዲት የካቶሊክ ቁምስና ጸሐፊ ነኝ። የቅጥር ደብዳቤዬ እንደዚያ ነው የሚለው። ሥራው ግን ቁልፍ መያዝ፣ ሙዳየ ምጽዋት መቁጠር፣ የተጣሉ ዘማሪዎችን ማስታረቅና ማይክሮፎን ሲያፏጭ መሮጥም አለበት።

ሕማማት ሲመጣማ አይወራም። ሆሳዕና ዘንባባው ዘገየ። ጸሎተ ሐሙስ ሰፈሩ ውሃ ጠፍቶ የእግር ማጠቢያውን በጀሪካን አስመጣን። ስቅለት ቀኑን ሙሉ ስግደት፣ ቅዳሜ ሌሊት እስከ ዶሮ ጩኸት። ዳግማይ ትንሣኤ እንዳለፈ ቆሞሳችን፣ የቁምስናው አለቃ ካህን፣ ቢሮ ገብተው ትንሽ አዩኝና "ልጄ፣ ሌላው ሰው ተነሥቷል፣ ያንቺ ፊት ግን ገና ስቅለት ላይ ነው" አሉኝ። ከዚያ ፈቃድ ሰጡኝ። ሂጂ፣ የትም ሂጂ፣ ስልክሽንም ዝጊ አሉ። ሄድኩ። ስልኩን ግን አልዘጋሁም።

ቃሊቲ መናኸሪያ ረዳቱ "ደብረ ዘይት! ደብረ ዘይት!" ይላል። ከተማዋ ቢሾፍቱ ከተባለች ስንት ጊዜዋ፣ የረዳቶች አፍ ግን የድሮውን አልለቀቀም። አጠገቤ የተቀመጡ ሰውዬ ሥራዬን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። "ታድለሽ፣ ሁልጊዜ እሑድ ነው ያንቺ" አሉ። መልስ አልሰጠሁም። የእኔ ችግር እኮ ሁልጊዜ እሑድ መሆኑ ነው። ለሰው ሁሉ እሑድ እንዲሆንለት እሑድን የሚሠራው አለ፤ ቄሱ፣ ዲያቆኑ፣ ዘበኛው፣ እኔ። ጌታ ራሱ በማቴዎስ 12 ላይ ካህናት በሰንበት ቀን በመቅደስ ሰንበትን ያረክሳሉ፣ ግን ኃጢአት የለባቸውም ይላል። ኃጢአት አለመሆኑ ደስ ይላል። ድካሙ ግን አለ።

ያረፍኩት ኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ካህናት በሚያስተዳድሩት የሱባኤ ቤት ነው። እንግዳ ተቀባዩ "ለሱባኤ ነው?" አለኝ። "ለእንቅልፍ" አልኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ሳቀና ቁልፉን ሰጠኝ። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳ ላይ መስቀል። ቴሌቪዥን የለም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ማክሰኞ፤ ቢሾፍቱ

እስከ አራት ሰዓት ተኛሁ። ስነቃ መጀመሪያ የመጣብኝ ጸጸት ነበር፣ ከዚያ ረሃብ።

የዚህ ቤት ሰዎች እንቅልፍን ለምን እንደማይንቁ ቆይቶ ገባኝ። ማኅበሩን የመሠረቱት ቅዱስ ኢግናጥዮስ እ.ኤ.አ. በ1522 ማንሬሳ በምትባል የስፔን ከተማ እያሉ በጾምና በሌሊት ጸሎት ራሳቸውን ክፉኛ ቀጥተው ጤናቸውን አበላሹ። የሆዳቸው ሕመም ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም። በኋላ አለቃ ሲሆኑ ተከታዮቻቸው በደንብ እንዲበሉና እንዲተኙ አዘዙ። ሰው በራሱ አካል ተምሮ የሚያወጣው ሕግ ደስ ይለኛል።

ከሰዓት ሆራ ሐይቅ ዳር ወረድኩ። ቢሾፍቱ ማክሰኞ ቀን ሌላ ከተማ ናት። የቅዳሜና እሑዱ ግርግር፣ የልደት ፊኛው፣ ሙዚቃው ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። ሐይቆቹ እሳተ ገሞራ የቦረቦራቸው ጉድጓዶች ናቸው። ከላይ ቆመህ ስታያቸው ሩቅ ናቸው፣ መውረዱ ቀላል ነው፣ መውጣቱ ግን ጉልበት ይጠይቃል።

እዚያ ተቀምጬ ስለ አፄ ሱስንዮስ አሰብኩ። አትሳቁብኝ፣ የኢየሱሳውያን ቤት አድሮ ስለ ሱስንዮስ የማያስብ ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ የለም። አገራችን በዕረፍት ቀን ምክንያት ደም ተቃብታለች። ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ይከበሩ አይከበሩ በሚለው መነኮሳት ዘመናት ተከራክረው፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም እንዲከበሩ ተወሰነ። ከመቶ ዓመት በኋላ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን "ቅዳሜን ታከብራላችሁ፣ አይሁድ ናችሁ" ሲሉ አፄ ገላውዴዎስ በጽሑፍ መለሱላቸው። ቅዳሜን የምናከብረው እሳት ባለማንደድና ውሃ ባለመቅዳት አይደለም፣ ቁርባን በማቅረብና ማዕድ አብሮ በመብላት ነው አሉ። እኔ ካቶሊክ ነኝ፣ ግን በዚህ ክርክር ልቤ ከገላውዴዎስ ጋር ነው። ዕረፍት ማለት ዝርዝር ክልከላ ሳይሆን አብሮ መብላት ነው ያሉት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ሱስንዮስ መጡ። በኢየሱሳውያን ስብከት ወደ እኛ ሃይማኖት ገቡና ቅዳሜ እንዳይከበር፣ ሰውም እንዲሠራ አዋጅ አስነገሩ። ቤጌምድር ሸፈተ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1632 ንጉሡ የድሮውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። የሸፈቱበት ምክንያት ብዙ ነበር፣ አውቃለሁ። ግን አንዱ ምክንያት ገበሬውን "ዛሬ አታርፍም" ማለት መሆኑ ይገርመኛል። እኔ ደግሞ ማንም ሳያውጅብኝ ቅዳሜም እሠራለሁ፣ እሑድም እሠራለሁ። ሱስንዮስ ቢያዩኝ ይሾሙኝ ነበር። ዘርዓ ያዕቆብ ቢያዩኝ ምን እንደሚያደርጉኝ ባላስበው ይሻላል።

ረቡዕ፤ ባቱ (እኔ ዝዋይ ነው የምላት)

ሞጆ ላይ መኪና ቀይሬ በመቂ በኩል ወረድኩ። መቂ የአካባቢው ካቶሊካዊ ሀገረ ስብከት መቀመጫ ናት፣ ከመስኮት ግን ያየሁት ቲማቲምና ሽንኩርት ብቻ ነው። ክምር በክምር።

ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ግን በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሆንን ጾም የለም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳ ቀን ጾም የለም፣ ስግደት የለም። ስንቶቻችን ነን ይህንን እንደ ትእዛዝ የምንወስደው? ሁዳዴን ያልጾመ ሰው ላይ ፊታችንን እናጠቁራለን፣ ሃምሳውን ቀን ፊቱን አጥቁሮ የዋለውን ግን ማንም ምንም አይለውም። እኔ ለማንኛውም ሐይቁ ዳር የዓሳ ጉላሽ አዝዤ በላሁ። ፔሊካኖቹ ጀልባ ተከትለው ይመጣሉ፣ አባ ኮዳዎቹ ደግሞ እንደ ዕድር ዳኛ ቆመው ያዩሃል።

ማታ ዶን ቦስኮ ወደ መሠረቱት ማኅበር፣ ወደ ሳሌዥያውያን ግቢ ሄድኩ። ዝዋይ የዶን ቦስኮ ልጆች ከተማ ናት ቢባል ብዙም አልተጋነነም። ከትምህርት በኋላ ግቢው በልጅ ይሞላል። ኳስ፣ ገመድ ዝላይ፣ ጩኸት። ዶን ቦስኮ ጣሊያን ውስጥ የገበሬ ልጅ ሆነው ሲያድጉ የሰርከስ ሰዎችን ትርኢት እያዩ ተማሩ፣ በገመድ ላይ ይሄዱ ነበር። ሕፃናቱ ትርኢቱን ለማየት ሲሰበሰቡ ክፍያው ጸሎት ነበር፣ መቁጠሪያ አብሮ መድገም። ቄስ ሲሆኑም ቱሪን ላይ የመንገድ ልጆችን በጨዋታ ነው የሰበሰቧቸው። ለእሳቸው ሜዳው የቤተ ክርስቲያኑ አካል ነው። በእኛ ቁምስና ሜዳው የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ይህንን በሚቀጥለው ስብሰባ አነሣዋለሁ፣ ማንም አይሰማኝም፣ ቢሆንም አነሣዋለሁ።

ሐሙስ፤ እዚያው

ዛሬ የትም አልሄድኩም። ጠዋት ደምበል ሐይቅ ላይ ጀልባ ይዤ ጉማሬ ለማየት አስቤ ነበር፣ ንፋሱ አስፈራኝና ተውኩት። በደሴቶቹ ላይ የዘይ ሰዎች ይኖራሉ። ቱሉ ጉዶ ላይ ደብረ ጽዮን ገዳም አለ፣ በዮዲት ጊዜ ታቦተ ጽዮን እዚያ ተሸሽጋ ነበር የሚለው ትውፊት የዚህ ደሴት ነው። ሌላ ጊዜ።

ከሰዓት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አንዲት ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። ሃያ ቢሆናት ነው። አበባ እርሻ ነው የምትሠራው። እጇ ላይ የጽጌረዳ እሾህ የጫረው ምልክት አለ።

"እሑድ ቅዳሴ ትመጫለሽ?" አልኳት። የሙያ ነገር ሆኖብኝ ነው።

"ተረኛ ነኝ እትዬ። የፈረንጆቹ የእናቶች ቀን ደርሷል፣ አበባው አይጠብቅም።"

አበባው አይጠብቅም። እውነቷን ነው፣ የተከፈተ ጽጌረዳ ሰኞ ላይ ማንም አይገዛውም። እዚህ የሚቆረጠው በጥቂት ቀን ውስጥ ኔዘርላንድ ገበያ መድረስ አለበት። ያኛው አገር ያለ ሰው እሑድ ለእናቱ አበባ ይዞ እንዲሄድ፣ ይህቺኛዋ እናቷን ሳታይ እሑድን ትውላለች ማለት ነው። በምትኩ ሌላ ቀን ዕረፍት እንዳላት ነግራኛለች፤ ግን ማክሰኞ ብቻህን ማረፍና እሑድ ከሰው ጋር ማረፍ አንድ አይደለም።

ሰንበትን የሚያዘው ትእዛዝ ሁለት ቦታ ተጽፏል። በዘጸአት 20 ምክንያቱ እግዚአብሔር በሰባተኛው ቀን ማረፉ ነው። በዘዳግም 5 ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ አንተ በግብፅ ባሪያ ነበርክ፣ ስለዚህ ወንዱም ሴቷም አገልጋይህ እንደ አንተ ይረፉ ይላል። እኛ ስንሰብክ የመጀመሪያውን እንወዳለን። ሁለተኛው ገንዘብ ያስወጣል።

ዱባይ ያለች እህቴ ትዝ አለችኝ። ሰው ቤት ትሠራ በነበረ ጊዜ ከቤት የምትወጣው ዓርብ ብቻ ነበር፣ ያውም ሲፈቀድላት። የባሕረ ሰላጤው ቤተ ክርስቲያኖች ይህንን ስለሚያውቁ ያኔ የእሑዱን ቅዳሴ ዓርብም ይቀድሱ ነበር። እህቴ "የእኔ እሑድ ዓርብ ነው" ትለኝ ነበር በስልክ። ጊቢው በፊሊፒንስ፣ በሕንድና በሐበሻ ሠራተኛ ይሞላል፣ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ማንም ወደ ቤት መሄድ አይፈልግም አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን ቀኑን ወደ ሠራተኛዋ ማምጣቷ ትክክል ይመስለኛል። እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው የሰንበት ስብከቶች ሁሉ ይበልጥብኛል።

ለልጅቷ መቁጠሪያዬን ሰጠኋት። እሷ ደግሞ በላስቲክ የያዘችውን ቆሎ አካፈለችኝ።

ዓርብ፤ ላንጋኖ

ላንጋኖ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሰው በነፃነት የሚዋኝበት ነው። ውሃው ቡናማ ነው፣ ያየው ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል፣ ግን ደለል ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ማደሪያው ውድ ስለሆነ የቀን መግቢያ ብቻ ከፍዬ ገባሁ።

እና ዋኘሁ። በቁምጣና በቲሸርት። ዋና ማለት እንኳ ይበዛበታል፣ ውሃው ደረቴ ጋ ሲደርስ ቆምኩ። አንድ ቤተሰብ ከዳር ተቀምጧል፣ ሴትየዋ አፍጥጣ ታየኛለች። "አንቺ... ቤተ ክርስቲያን የማይሽ አይደለሽም?" ላንጋኖ ድረስ መጥቼ! አዎ ነኝ አልኩ። "ውይ፣ እናንተም ትዝናናላችሁ?" አለች፣ በቅንነት ነው፣ ክፋት የለባትም። ባሏ ጎሸም አደረጋት።

ይቺ "እናንተም" የምትለው ነገር ነው የምታደክመኝ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ከሳቀ ቀለለ፣ ከተኛ ሰነፈ፣ ከዋኘ ዓለማዊ ሆነ። እኛ ራሳችንም አምነንበታል። "ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል" እያልን ቆብ የማይቀድ ሰው ሁሉ ሥራ ያለው ይመስለናል። ከበዓል ማግሥት መዝገብ ቤት ገብቼ ደህና የነበረውን ፋይል እንደገና የማስተካከልበት ጊዜ አለ። ይኸው ቆብ መቅደድ አይደለም?

የጥንት መነኮሳት የሚያወሩት አንድ ታሪክ አለ፣ ቅዱስ ካስያን ጽፎታል። ወንጌላዊው ዮሐንስ በስተርጅና አንዲት ቆቅ ይዞ እየደባበሰ ይጫወታል። አንድ አዳኝ አይቶት ተገረመ። ይህን የሚያህል ሰው በወፍ ይጫወታል? ዮሐንስ "በእጅህ የያዝከው ምንድን ነው?" አለው። "ቀስት ነው።" "ለምን ሁልጊዜ ወጥረህ አትይዘውም?" "ተወጥሮ ከዋለ ይላላል፣ ስፈልገው አይሠራልኝም።" ዮሐንስም የእኔም ልብ እንደዚያው ነው አለው። ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስም ጨዋታ ምግባር ሊሆን ይችላል ብሎ ሲያስተምር ይህንኑ ታሪክ ነው የሚጠቅሰው። እንዲያውም ቶማስ ከዚህ ያልፋል። ራሱ የማይጫወት፣ ሌላውንም ሲጫወት የሚያኮርፍ ሰው ጥፋት አለበት ይላል። ጥፋት! በየቁምስናው በር ላይ ቢለጠፍ ደስ ይለኛል።

ለሴትየዋ ይህን ሁሉ አላወራሁላትም። "ውሃው ደስ ይላል፣ ግቢ" ብቻ አልኳት። ልጆቿ ቀድመዋት ገቡ።

ቅዳሜ፤ በሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ

ሻሸመኔ መኪና፣ ባጃጅ፣ አቧራ። አለፍኩት።

ሐዋሳ ዕቃዬን አስቀምጬ አሥር ሰዓት አካባቢ ታቦር ተራራ ወጣሁ። ከተማው መሃል ያለ ኮረብታ ነው፣ ከላይ ሐይቁ በሙሉ ይታያል። ጠዋትና ማታ ስፖርት የሚሠሩ ወጣቶች ይሮጡበታል፣ እኔ በሦስተኛው እርምጃ ነው ማለክለክ የጀመርኩት። ስሙ ታቦር ስለሆነ ጴጥሮስን ማስታወስ ግድ ነው። ጌታ ተለወጠ፣ ሙሴና ኤልያስ መጡ፣ ጴጥሮስ "በዚህ መሆን ለእኛ መልካም ነው" አለ። እዚያ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ወዲያው ግን ሦስት ዳስ እንሥራ አለ። የእኔ ቢጤ ነው። ክብሩን አይቶ ዝም እንደማለት የግንባታ ኮሚቴ ሊያቋቁም ተነሣ።

ይህን እያሰብኩ ስልኬ ጮኸ። ከቁምስና ነው። "ማኅተሙ የት ነው ያለው?" ነገርኩ። ከደቂቃ በኋላ እንደገና። "ቁልፉስ?" ቀጥሎ አንዲት እናት፣ ቁጥሬን ከየት እንዳገኙ እንጃ፣ የልጃቸውን የጋብቻ ማስታወቂያ ነገ እንዲነበብ ይፈልጋሉ። አዳመጥኳቸው፣ ለማን እንደሚደውሉ ነገርኳቸው።

ማርቆስ 6 ላይ ጌታ ሐዋርያትን "ኑ፣ ጥቂት ዕረፉ" ይላቸዋል፣ ለመብላት እንኳ ጊዜ አጥተው ነበርና። የሱባኤ ሰባኪዎች ይህቺን ጥቅስ ይወዷታል። ቀጥሎ ያለውን ግን ብዙ ጊዜ አያነቡም። በጀልባ ተሻግረው ሲደርሱ ሕዝቡ በእግሩ ሮጦ ቀድሟቸው ጠበቃቸው። ዕረፍቷ የጀልባዋ መንገድ ብቻ ነበረች ማለት ነው። ጌታም አልተቆጣም፣ አዘነላቸው። እኔ ትንሽ ተቆጥቻለሁ።

እሑድ፤ ሐዋሳ

ከሥራ ውጭ ቅዳሴ የሄድኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ደቡቡ የላቲን ሥርዓት ነው፣ ኮምቦኒ ሚሲዮናውያን ብዙ የደከሙበት አገር። እኔ በግዕዙ ሥርዓት ስላደግሁ ቅዳሴው አጭር ሆነብኝ፣ ገና ሞቅ ሳይለኝ "በሰላም ሂዱ" ተባልን። በሲዳምኛ ሲዘመር ግን ቃሉን ባላውቀውም እግሬ አልቆም አለ።

መሃል ላይ ማይክሮፎኑ አፏጨ። መላ ሰውነቴ ሊነሣ ተዘጋጀ። እጄን ጭኔ ላይ ጫንኩት። አንድ ወጣት ሮጠ፣ አስተካከለ፣ ላቡን ጠረገ። ሙዳየ ምጽዋቱ ሲዞር ስንት ይሆናል ብዬ መገመት ጀምሬ ነበር፣ ተውኩት። ቤተ ክርስቲያን ሕጓ ላይ፣ የላቲኖቹ ቀኖና 1247 ላይ፣ የእኛ የምሥራቃውያኑ 881 ላይ፣ በእሑድ ቀን አምልኮን፣ የቀኑን ደስታ፣ የአእምሮና የሰውነት ዕረፍትን ከሚያውክ ሥራ ተጠበቁ ይላል። ደስታውና ዕረፍቱ ከቅዳሴው እኩል ተጽፈዋል። እኔ ይህንን ሕግ ለስንት ሰው ፎቶ ኮፒ አድርጌ ሰጥቻለሁ መሰላችሁ።

ከቅዳሴ በኋላ አንዲት የሲዳማ እናት "ልጄ፣ እንግዳ ነሽ" ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። ቡና ተፈላ። ስለ ሲዳማ ዘመን መለወጫ ስለ ፍቼ ጫምባላላ አወሩኝ። የዘመን መለወጫው ቀን በኮከብና በጨረቃ ቆጠራ ነው የሚታወቀው፣ ቡሪሳሜ የሚባለው ምግብ በቅቤ ይሠራል፣ የቤቱ ታላቅ ሴት ታቀርባለች። አረጋውያኑ ደግሞ በዚያው በዓል ሕዝቡን ይመክራሉ፣ ዛፍ አትቁረጡ፣ አትስረቁ፣ በሐሰት አትመስክሩ፣ አትስነፉ። እየበሉና እየጨፈሩ አትስነፉ መባል! ለሴትዮዋ ሳቅኩ። "ታዲያ ያልበላ በምን ጉልበቱ ይሠራል?" አሉኝ።

ከሰዓት አሞራ ገደል። ጀልባዎቹ ገብተው ዓሳው ተራግፏል፣ ልጆች በሚገርም ፍጥነት እየሰነጠቁ ያጸዳሉ። ጥሬውን በዳጣ በላሁ። የዓሳ ሾርባም ጠጣሁ። ከዚያ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሰው ሲሄድ ሲመጣ እያየሁ እስኪመሽ ተቀመጥኩ። ጸሎት አላደረስኩም፣ አላነበብኩም። አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ሸንኮራ ይልጣሉ፣ ግማሹን ሰጡኝ።

ሰኞ፤ መመለስ

አውቶቡስ ውስጥ አንድ ወረቀት ጻፍኩ። ቢሮው ሰኞ ዝግ ይሁን፣ እሑድ ስለምንሠራ። ዘበኛውም ጽዳቷም በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ይኑራቸው፣ በተቻለ መጠን ከቤተሰባቸው ጋር የሚገናኙበት ይሁን። የመኪና ማቆሚያው ግማሽ ለልጆች ኳስ ይለቀቅ።

ማታውኑ ለቆሞሳችን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። "ጥሩ ነው" አሉ። "እኔም ሰኞን እፈልጋታለሁ። ግን እኔ ብቻዬን አልወስንም፣ ለቁምስናው ምክር ቤት አቅርቢው።"

ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው ሰኞ ማታ ነው። ቃለ ጉባኤ የምይዘው ደግሞ እኔ ነኝ።